ፎቶ ኮፒው አጠገብ

መጽሐፌ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን የገባው በአይሱዙ ነው። ከፕላስቲክ ወንበርና ከሳሙና ካርቶን ጋር ተጭኖ። 1,000 ቅጂ፣ በ50 በ50 የታሰረ፣ 20 እሽግ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሾፌሩ ግን በየቦታው ዕቃ ሲያራግፍ መሽቶበት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደረሰ። ኅዳር፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጫኝና አውራጆቹ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ መጡ። አንደኛው እሽጉን ብድግ አድርጎ «ምንድን ነው ይሄ? ሚስማር ነው?» አለኝ።

«መጽሐፍ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«የትምህርት ቤት ነው?»

«የኔ ነው» አልኩት። ትንሽ አየኝ። በእሽግ 20 ብር ያለውን ዋጋ ሳልለምነው ወደ 15 ዝቅ አደረገልኝ። አዝኖልኝ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ እሽግ የማኖርበት ቦታ አልነበረኝም። 12ቱን አልጋዬ ሥር አስገባሁ፣ 8ቱን ሳሎን ጥግ ደረደርኩ። እናቴ በሦስተኛው ቀን ጨርቅ አልብሳ ረከቦቷን አስቀመጠችባቸው። ቁመቱ ልክ ነው አለች። ወር ሲሞላው ደግሞ «እንግዶችሽ መቼ ነው የሚሄዱት?» ትለኝ ጀመር።

ማሳተም እንደ ሠርግ ነው ብዬ አስብ ነበር። ለካ ከሠርጉ በኋላ ድስት ማጠብ አለ።

ይህ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ነው። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ማታ ማታ አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። መጽሐፉን የጻፍኩት በአራት ዓመት ነው። ያረሙልኝ ጓደኞቼ ናቸው፣ የከፈልኩት ከዕቁብ ነው። ከወመዘክር፣ ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ የተሰጠኝ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (ISBN) በ978-99944 ይጀምራል። 99944 ኢትዮጵያ ማለት ነው። ቁጥሩን ሳየው አገሬ በግሌ ደብዳቤ የጻፈችልኝ መስሎኝ ነበር። በኋላው ሽፋን ላይ ባር ኮድ አስደረግኩ። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ያንን ባር ኮድ ያነበበ ማሽን አላጋጠመኝም።

ማተሚያ ቤቱ የሚቆጥረው በ16 ገጽ ነው። ትልቁ ወረቀት ተጣጥፎ ሲቆረጥ 16 ገጽ ይወጣዋል። የኔ 139 ገጽ ነበር። «144 አድርጊው፣ ዋጋው ያው ነው» አሉኝ። የምጨምረው ታሪክ አልነበረኝም። 5 ባዶ ገጽ ይዞ ታተመ። አንድ ተማሪዬ በኋላ «ቲቸር፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ባዶ ገጾች ምን ለማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለማስታወሻ ነው አልኩት። አላመነኝም። ሌላ ጥልቅ ትርጉም ሳይፈልግለት አልቀረም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ «አሳታሚ» የሚል መስመር አለ። እዚያ የተጻፈው የራሴ ስም ነው። አብዛኞቻችን እንደዚያው ነን። በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር። ደራሲው ረቂቁን ያስረክባል፣ ድርጅቱ ያሳትማል፣ ያከፋፍላል። ሳንሱሩም አብሮ ነበር፤ እሱን የሚናፍቅ የለም። ዛሬ ሳንሱር የለም፣ ኩራዝም የለም፣ ያለው የእናቴ ሳሎን ነው። ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፣ የኛው የሰሜን ሸዋ። ጎሐ ጽባሕ የሚባል የራሳቸው ማተሚያ ቤት ነበራቸው። ድሮ ይህን ሳነብ «ሚኒስትር ስለነበሩ ነው» ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ሳስበው መሯቸው ይሆናል፤ ቢቻለኝ እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። እሳቸው የማተሙን ጣጣ በራሳቸው ፈትተውታል። የማድረሱ ጣጣ ግን እኔ ጋ ድረስ መጥቷል።

መጀመሪያ የሄድኩት ለገሀር አካባቢ ወዳለ አንድ አከፋፋይ ነው። ሰውየው ትሁት ነው። ሻይ አዘዘልኝ። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ጥሩ ነው፣ ግን ስምሽ ገና አልወጣም» አለኝ። ስሜ የሚወጣው እንዲህ ዓይነት ቦታ ሲቀመጥ ነው ብዬ ልመልስለት አሰብኩና ሻዬን ጠጣሁ። 200 ቅጂ ወሰደ። 40 በመቶ የሱ ነው። ክፍያው ሲሸጥ ነው። «ከስድስት ወር በኋላ ደውይ።»

ሂሳቡን ታክሲ ውስጥ ሠራሁት። አንዱ ቅጂ 140 ብር ወጥቶበታል። ሽፋኑ ላይ ያተምኩት ዋጋ 300 ብር ነው። 40 በመቶው 120 ብር ነው። ለኔ 180 ይቀረኛል። ከዚያ የማተሚያውን ስቀንስ 40 ብር። ሽፋኑን ለሠራልኝ ልጅ የከፈልኩት፣ የአይሱዙው፣ የጫኝና አውራጁ ገና አልገባም። አከፋፋዩን አልቀየምኩም። መጋዘን ይከራያል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ የማይሸጥ መጽሐፍ አቧራ ያራግፋል። ግን 40 ብርን በአራት ዓመት አካፍዬ ነበር። ባላካፍል ይሻለኝ ነበር።

የቀረውን ራሴ ላዞር ወሰንኩ። ከደጄ ጀመርኩ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የማውቀው አንድ መደብር አለ። ደብተሬን ከልጅነቴ ጀምሮ የገዛሁት እዚያ ነው። ጠባብ ነው። በግራ ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ኮምፓስ። በቀኝ መደርደሪያ። ከላይ የጸሎት መጻሕፍት፣ መሐል ላይ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል የፈተና መለማመጃ፣ ከሱ ሥር እንዴት ሀብታም እንደሚኮን የሚያስተምሩ ትርጉሞች። ልብ ወለድ የመጨረሻው ነው፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። ለማየት ቁጢጥ ማለት ያስፈልጋል። በሩ ዳር ፎቶ ኮፒ ማሽን አለች። የሱቁ ኪራይ የሚወጣው ከሷ ነው።

«ጋሼ፣ መጽሐፍ አሳትሜ ነበር።»

«እንኳን ደስ አለሽ ቲቸር! ስንት ገጽ ነው?»

ስለ ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። አልከፈቱትም። በጎኑ አዞሩት። ከሚሸጡት ማስመሪያ አንዱን መዘው ለኩት። 6 ሚሊ ሜትር። ርዕሱ እዚያች ላይ ተጽፏል፣ በጉንዳን ፊደል።

«ይሄ መደርደሪያ ላይ ቢቆም ማን ያየዋል?» አሉኝ። «ፊቱን ወደ ሰው ላዙረው ብል ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይበላል። በ15 ሳንቲ ሜትር እንዳንቺ ያለ ቀጭን መጽሐፍ 25 አቆምበታለሁ። እዚህ ቤት ያለ ሁሉ ኪራይ ይከፍላል ቲቸር። ያንቺ ይከፍላል?»

አኮረፍኩ። ፊቴ ላይ ሳይታወቅብኝ አልቀረም። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «አምስት ተዪልኝ። እዚህ ፎቶ ኮፒው አጠገብ አደርገዋለሁ» አሉ። ከሽያጩ ብር 20 በመቶ እንደሚይዙ ነገሩኝ። ከጠመኔ ካርቶን ላይ ቀደዱና «ከቲቸር 5 መጽሐፍ ተቀብያለሁ» ብለው ፈረሙ። ያቺ ካርቶን አሁንም አለችኝ። ከአከፋፋዩ ባለ ማኅተም ደረሰኝ ይልቅ እሷን ነው የማምናት።

የወጣሁት ግን ተናድጄ ነው። አራት ዓመት የጻፍኩት ነገር፣ በመታወቂያ ላስቲክና በማስቲካ መሐል! ለመጽሐፌ የተመኘሁት ይህን አልነበረም። በልቤ የነበረው መደርደሪያ ነው። የእንጨት፣ ከፍ ያለ፣ ሰው ጣቱን እያሳለፈ የሚመርጥበት። እንዲህ ዓይነት መደርደሪያ ያየሁት በፊልም ነው መሰለኝ።

በሁለት ሳምንቴ ተመለስኩ። አራቱ ተሸጠዋል።

«ማን ገዛው?»

«መብራት ሲሄድ ነው የሚሸጠው» አሉኝ ጋሼ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው የሚመጣው የይዞታ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የልጁን ካርድ ኮፒ ሊያደርግ ነው። ከከተማው ዙሪያ፣ ከገጠሩም የሚመጣ አለ። ማሽኗ ስትሠራ መብራት ድርግም ይላል። ግማሹ ኮፒ ሆኗል፣ ግማሹ ቀርቷል፣ ትቶ መሄድ አይሆንም። ይቆማል። ዙሪያውን ያያል። እጁ የሚደርሰው መጽሐፌ ላይ ነው። ያነሳዋል። የመጀመሪያው ታሪክ 7 ገጽ ነው።

«7ቱን ገጽ ጨርሶ መብራቱ ካልመጣ ይገዛል» አሉ ጋሼ። «ቀድሞ ከመጣ ይሄዳል።»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልቀለዱም፤ ቆጥረውታል። አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ስድስተኛው ገጽ ላይ መብራት መጥቶባቸው ወጡ። ከደጃፉ ተመልሰው «ልጅቷ ምን ሆነች?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ እንዳላነበቡት ነገሯቸው። ሰውየው ገዙት።

ከዚያ ቀን በኋላ መደርደሪያ መፈለግ ተውኩ። ሰው የሚጠብቅበትን ቦታ መፈለግ ጀመርኩ። ጠባሴ ያለች ጓደኛዬ ፀጉር ቤት ሦስት አስቀመጥኩ። ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት 40 ደቂቃ የትም አትሄድም። ሁለቱ ተሸጡ፣ አንዱ የቅባት እጅ ሰፍሮበት ተመለሰ። ያንን ለራሴ አስቀረሁት። ጋራዥ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ወንዶቹ ሞተር ሲፈታ ቆሞ ማየት ይወዳሉ።

የደብረ ሲናው ነገር አሁንም ያስቀኛል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ስትወርዱ፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙን ሰንጥቃችሁ ዋሻውን አልፋችሁ ደብረ ሲና ስትገቡ፣ ቆሎ የያዙ ልጆች መኪናውን ይከቡታል። ታዲያ መጽሐፍስ በመስኮት ቢሸጥ? አልኩ። ለአንዷ ቆሎ ሻጭ 10 ሰጠኋት። ከሸጠችው ከእያንዳንዱ 60 ብር የሷ። ከወር በኋላ ስመለስ ስምንቱን ሳታጎድል፣ በፌስታል ጠቅልላ አስረከበችኝ። «እትዬ፣ ሰዉ እጁን የሚሰደው ለቆሎ ነው» አለችኝ። «ርዕሱን አንብቦ ሳይጨርስ መኪናው ይሄዳል።» ሁለቱን የገዛው ጎማ የፈነዳበት መኪና ነው። እዚያም የሸጠልኝ መጠበቅ ነው ማለት ነው።

ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ደግ ሰው መጽሐፌን መስኮቱ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ አቆመልኝ። ደስ አለኝ። የቆላው ፀሐይ ግን በሦስት ወር ቀዩን ሽፋን ጽጌረዳ አደረገው። አሁን ሁለት ዓይነት ሽፋን አለው ብዬ እቀልዳለሁ። መሐል ሜዳ ግን ሌላ ነው። መንዝ የወጣሁት በሌላ ጉዳይ ነበር፣ ለለቅሶ። አንድ ሱቅ ውስጥ ባዶ መደርደሪያ አይቼ ስድስት አስቀመጥኩ። ብዙ መጽሐፍ ስለሌለ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሰው አዙረው ቆሙ። በዓመቱ ስደውል አንድም አልቀረም። ብሩን በቴሌ ብር ላኩልኝ፣ እስከ ሳንቲሟ።

ሁሉም እንዲህ አልነበረም። ከከተማዬ ውጭ ያለ አንድ መደብር 30 ወስዶ ነበር። ስሙን አላነሳም። መጀመሪያ ስሄድ «ባለቤቱ የለም»። ሁለተኛ ስሄድ «ሂሳብ አልዘጋንም»። ሦስተኛ ስሄድ ባለቤቱ ነበር፣ ቁልፉ ግን አልነበረም። አራተኛ ስሄድ ቤቱ የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። ለትራንስፖርት ያወጣሁትን ሳልደምር ተውኩት።

ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ያለ ቁጥር አላድርም። ለየመደብሩ የሰጠሁትን ቅጂ ከኋላ ሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ ቁጥር እጽፍበታለሁ። አንድ ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ አዟሪ አገኘሁ። መጽሐፍ ከወገቡ እስከ አገጩ ደርድሯል። ከአገጩ ሥር ሦስተኛው ላይ የማውቀው ቀይ አለ።

«ያቺን ቀይዋን አሳየኝ።»

በአንድ እጁ፣ ሌላው ሳይናድበት፣ መዘዘልኝ። ይህ ችሎታ ነው፤ ስንቱን ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል።

«ይቺ ልጅ ትጽፋለች» አለኝ።

«አንብበኸዋል?»

«አላነበብኩትም። ግን ይሄዳል።»

የኋላውን ገለጥኩ። የእርሳስ ቁጥሬ፣ 17። ያ መደብር። ስንት ነው ስለው 200 አለኝ፣ በ150 ተስማማን። የራሴን መጽሐፍ፣ የራሴን ያልተከፈለ ዕዳ፣ ከፍዬ ገዛሁት። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። «ይሄዳል» ያለበትን ድምፅ ማበላሸት አልፈለግኩም። ከማንም አስተያየት ሰጪ ያላገኘሁት ቃል ነው።

በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መንገዱም ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ለንግድ ክፉ ጊዜ ነው፤ ለሰውም። እኔ ሱቅ ወደ ሱቅ መዞሬን አቆምኩ። ጋሼ ግን በዚያ ጊዜ ሁለት ጊዜ «ጨምሪልኝ» ብለው አስጠሩኝ። ስልኩ ላይ የሚያየው ያጣ ሰው መጽሐፍ መዋዋስ ጀምሮ ነበር። በዚህ ደስ ይበለኝ አይበለኝ ግራ ገባኝ። አሁንም ግራ ይገባኛል።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ቴሌግራም አብሮ ተመለሰ። አንድ ማታ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር! መጽሐፍሽን አገኘሁት!» ብላ ፒዲኤፍ ላከችልኝ። በደስታ ነው የላከችው፣ ከሦስት ልብ ጋር። ከፈትኩት። አንድ ሰው መጽሐፌን ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶታል። በእያንዳንዱ ገጽ ግራ ጥግ ላይ አውራ ጣት አለች። ጥፍሯ ሐምራዊ ቀለም ተቀብታለች። እስከ ገጽ 60 ቀለሙ ሙሉ ነው፣ ከዚያ በኋላ ጫፉ ተልጧል። አንድ ቀን ያነሳችው አይደለም ማለት ነው። መናደድ ነበረብኝ። ተናድጄም ነበር። ግን ስለዚያች አውራ ጣት ሳስብ አመሸሁ። 5ቱን ባዶ ገጾች እንኳ አልዘለለቻቸውም።

ተማሪዬን «ስታነቢ ከወደድሽው አንድ ግዢ» አልኳት። ገዛች። ጋሼ ጋ ሄዳ።

ለገሀር ያለው አከፋፋይ ከስድስት ወር ሳይሆን ከአስራ አንድ ወር በኋላ ለ74 ቅጂ ከፈለኝ። ቀሪው ተመለሰ፣ በዚያው በአይሱዙ። ጋሼ ፎቶ ኮፒው አጠገብ እስካሁን 163 ሸጠዋል። ደብተራቸው ላይ አለ። እናቴ ረከቦቷን አሁን ወንበር ላይ ነው የምታስቀምጠው፤ እሽጉ አጠረባት።

ባለፈው ሳምንት እስክርቢቶ ልገዛ ሄድኩ። አንድ ወጣት ቆሟል። እግሩ ሥር እሽግ አለ። ግጥም ነው። ጋሼ ማስመሪያቸውን አውጥተው ጎኑን እየለኩ ነበር። ልጁ ጆሮው ቀልቷል። እኔም ያን ጊዜ እንዲህ ሆኜ ነበር መሰለኝ።

«አምስት ተውልኝ» አሉት። «እዚህ ፎቶ ኮፒው አጠገብ።»

ልጁ አኮረፈ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሼ ቀደሙኝ።

«ቲቸር፣ አንቺን ደግሞ አሳድጌሻለሁ። መደርደሪያ ላይ አወጣሁሽ።»

ወደ ቀኝ ዞርኩ። አላየሁትም። ቁጢጥ አልኩ፣ አንገቴን አዘነበልኩ። ከሁለት ወፍራም ትርጉሞች መሐል፣ 6 ሚሊ ሜትር፣ ቀይ። ጣቴን ሰድጄ ልስበው ስል መብራት ድርግም አለ፣ ማሽኗም ቆመች። ስነሳ የግጥሙን መጽሐፍ አንድ ሰውዬ አንስተውታል።